ክኒኑ እስኪያልቅ

ሰኞ

ውጤቱ መጣ። አባባና እኔ ንጹሕ ልብስ ለብሰን ነበር የሄድነው፤ ለልብሳችን ሲባል ውጤቱ የሚሻሻል ይመስል። ሐኪሟ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቀለች። ረጋ ብላ፣ "አባባ፣ ጉበትዎ ላይ ነቀርሳ አግኝተናል" አለችው። አባባ ሳቀ።

"ነቀርሳ ነው እንዴ? እኔ ደግሞ ምን ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ። ነቀርሳንማ አውቀዋለሁ ልጄ። በጎረምሳነቴ ሳንባዬ ላይ ነበር። አሁን ወደ ጉበት ተዛውሯል ማለት ነው። እድገት ይሁን ቅጣት እንጃ።"

ሐኪሟም አብራው ሳቀች። እሱ ኮቱን ሲለብስ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ "እንደ አባትሽ ያለ ብርቱ ሰው ብዙ አላየሁም" አለችኝ።

ብርታት አይደለም። አባባ ነቀርሳ ሲባል የሚያውቀው ያንን የሚያስለውን፣ ወራት ሙሉ ክኒን ተውጦ የሚለቀውን ነው። እሷ ያለችው ካንሰር ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት በሽታ። እዚያ ክፍል ውስጥ ይህን ያወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን "ባርኔጣህን እንዳትረሳ" የሚል ነበር።

ነገ እነግረዋለሁ።

ማክሰኞ

ለወንድሜ ደወልኩ። እሱ የሚኖረው ሩቅ ነው፣ ምክሩ ግን ሁልጊዜ ቅርብ ነው። የሆነውን ስነግረው፣ "ታዲያ ተመስገን በይ እንጂ። ማንም ሳይዋሽ ነገሩ በራሱ ተሸፈነ" አለ።

"እስከ መቼ?"

"ዝም አይነቅዝም። የእማዬን ጊዜ ረሳሽው? ካንሰር የምትለዋን ቃል የሰማች ዕለት ተኛች፣ በዚያው ቀረች። በሽታው መቼ ገደላት? ቃሉ ነው የገደላት።"

አልረሳሁትም። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት እሱ ታላቄ ስለሆነ ነው።

ሐሙስ

የምሠራበት የመጋረጃ ሱቅ ባለቤት ተቆጣችኝ። የአንድ ሆቴል መጋረጃ አበባው ቁልቁል ዞሮ ሰፍቼዋለሁ። ስምንት ሜትር ጨርቅ። "ሐሳብሽ የት ነው?" አለች። የት እንደሆነ ብነግራት ታለቅስልኛለች፣ ጨርቁ ግን ያው ቁልቁል ነው።

ስፈታ ዋልኩ።

አርብ

አባባ ሳህኑን ለየ። አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ማንኪያ መርጦ ቀይ ክር አሰረባቸው፤ ሳህኑ ክር ስለማይዝ በቀለም ነካ አደረገው። ራሱ ያጥባቸዋል። መስኮቱን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከፍቶ ይውላል። ነፋሱ አጥንት ይበላል።

"አባባ፣ ብርድ ይመታሃል።"

"ነቀርሳ አየር አይወድም። አንቺ አልተወለድሽም ያኔ፤ እኔን ጠይቂኝ።"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እሱ ክኒን ውጦ እድናለሁ ይላል ብዬ እንጂ አስተላልፍባቸዋለሁ ብሎ እንደሚፈራ ጭራሽ አልመጣልኝም።

ማታ ሚጣ እንደ ወትሮዋ ልትነዳ የድስት ክዳን ይዛ መጣች። ልጄ አራት ዓመቷ ነው፤ አባቷ ከሄደ ወዲህ እዚሁ አባባ ቤት ነው ያለነው፣ እሷም እንደ እኔ አባባ ነው የምትለው። እሱ የከተማ አውቶብስ ሹፌር ነበር። በየማታው ጭኑ ላይ ትቀመጥና ክዳኑን ትይዛለች፤ እሱ ማርሹን በአፉ ያጓራል፣ ፌርማታ ይጠራል፣ ሒሳብ ያልከፈለ ተሳፋሪ ያስወርዳል። ያስወረደው ተሳፋሪ ብዙውን ጊዜ እኔ ነኝ።

ዛሬ እጁን ዘርግቶ ከሩቅ አቆማት። "አባባን አሞታል። ቅርብ ከመጣሽ አንቺንም ያምሻል። ክኒኔን ስጨርስ እንነዳለን፣ እሺ የኔ እመቤት?"

"ዛሬ ጨርሰው" አለችው።

ቅዳሜ

ክኒኑን ጠየቀኝ። "ሐኪሟ ያላዘዘችው ለምንድን ነው? ያለ ክኒን ነቀርሳ ይድናል እንዴ?" ሰኞ ሊሄድና ሊጠይቃት ነው። ከጠየቃት ነገሩ ይወጣል።

መድኃኒት ቤት ሄድኩ። የዱሮ ክኒኑ ቀይ እንደነበር ሁሌ ያወራልና፣ ቀይ ቫይታሚን አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ባለሙያው ቀና ብሎ አየኝ። "ለሕፃን ነው?"

"ለትልቅ ሰው።"

"ታዲያ ቀለሙ ምን ያደርግለታል?"

ገንዘቡን ቆጠርኩለት። ጥቁር ቀይ፣ ሞላላ ሰጠኝ። እቤት ስደርስ ከእሽጉ አውጥቼ ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ጨመርኩት። አባባ አንዷን መዳፉ ላይ አድርጎ አገላበጣትና ደስ አለው። "ራሷ ናት። ትንሽ አንሳለች እንጂ ራሷ ናት። ዱሮ ዓመት ተኩል ነበር፣ አሁን ስድስት ወር ነው አሉ። ስድስት ወር ምን አላት?"

ነርስ ፊት መዋጥ ሕግ ነበር ይላል፤ አሁን ነርሷ እኔ ነኝ። በየጧቱ ቆሜ አያለሁ። ከዋጠ በኋላ አፉን ከፍቶ ያሳየኛል።

ረቡዕ

ስለ ሕክምናው ተነገረን። ልቡ ደካማ ስለሆነ፣ ጉበቱም ጠባሳ ስለበዛበት ቀዶ ጥገና አይችልም። ስለዚህ በበረዶ ነው። ይህን የሚሠራው ሌላ ሐኪም ነው፣ ቀጭን ወጣት፤ አባባ ገና ሳይቀመጥ "ቀጭኑ" አለው፣ እሱም አልተቀየመም።

ቀጭኑ በወረቀት ላይ ሥሎ አሳየን። ጉበቱ ውስጥ ሁለት እጢ አለ። በምስል እያዩ ቀጫጭን መርፌ በቆዳ በኩል እጢው ድረስ ያስገባሉ። በመርፌው ውስጥ ጋዝ ሲለቀቅ ጫፉ ላይ በረዶ ይጋገራል፣ በረዶው እያደገ እጢውን ይውጠዋል። ያቀልጡታል። ደግመው ያቀዘቅዙታል። መቅለጡም መቀዝቀዙም ይገድለዋል።

"ምን እንደምናደርግ ገብቶዎታል?" አለው።

"ነቀርሳውን በበረዶ ትገድሉታላችሁ።"

"ልክ ነዎት። በሽታው ምን እንደሆነ ተነግሮኛል ብለው እዚህ ይፈርማሉ።"

ፈረመ። ፊርማው ያምራል፣ ከአውቶብሱ ዘመን ጀምሮ ያው ነው። እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእጅ መታጠቢያ መመሪያ ሦስቴ አነበብኩት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። አባባ ግን መድኃኒቱ ተገኝቶለታል። ስለዚህ ደበቅኩ አይባልም።

ቅዳሜ

መጋረጃ ስፊልኝ አለኝ። አልጋው ያለው ሳሎኑ ጥግ ነው፤ ሚጣ ስትጫወት ትንፋሹ እንዳይደርስባት ይፈልጋል። "ከኮርኒስ እስከ ወለል ይሁን። ወፈር ያለ። አንቺ እኮ ባለሙያ ነሽ፣ ለሰው ሁሉ ትሰፊያለሽ።"

ሰፋሁለት። ከሱቅ የተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ነበር። እጥፉን ደርቤ፣ ከታች ክብደት እንዲኖረው ሰንሰለት ከትቼበት፣ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጥሩ መጋረጃ አልሰፋሁም። ስሰቅለው አባባ በጣቱ ስፌቱን ዳሰሰና "እጅሽን ይባርከው" አለኝ።

ወጥ ቤት ገብቼ ቆየሁ። ሽንኩርት አልነበረም፣ ሽንኩርት ነው ለማለት።

ማክሰኞ

በረዶው ዛሬ ሆነ። በቁርጥራጭ ነው የምጽፈው፣ ኮሪደር ላይ ነኝ።

ገብቷል። ባርኔጣውን ይዣለሁ።

መስታወት አለ፣ ከወዲያ ማሽኑ ይታያል። ትልቅ ቀለበት። አባባ መሐሉ ገብቶ እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። ካልሲው አንዱ ተቀዷል። ለምን ጧት አላየሁትም?

ድምፅ ማጉያው "ትንፋሽ ይያዙ" ይላል። እኔም እይዛለሁ። "ይተንፍሱ" ሲል እሱ ይተነፍሳል፣ እኔ እረሳለሁ።

አንድ ነርስ በጓንት ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታ፣ ጣቶቹን ቋጥራ ይዛ ገባች። ቆዳው አብሮ እንዳይቀዘቅዝ ላዩ ላይ ይቀመጣል አለችኝ። የሰው እጅ ይመስላል። እንኳን የሆነ እጅ ላዩ ኖረ።

ማክሰኞ፣ ማታ

ደህና ወጣ። ማደንዘዣው ያደነዘዘው ጎኑን ብቻ ስለነበር ነቅቶ ነው ያሳለፈው። እየተንቀጠቀጠ፣ ጥርሱ እየተፋጨ ቀልዱን አልተወም። "ውስጤ ፍሪጅ ገባ። ሥጋ ካለሽ አምጪ፣ አይበላሽም።"

ቀጭኑ ጠርቶ ምስሉን አሳየኝ። ግራጫው ጉበት ውስጥ ጠቆር ያለ እንቁላል አለ፤ እሱ በረዶው ነው። እጢው ከነጓዙ ውስጡ ነው፤ በዙሪያው ደግሞ ለጥንቃቄ ትንሽ ጤነኛ ሥጋ አብሮ ተይዟል። "ጠርዙ ንጹሕ ነው፣ ሁለቱንም ይዘናቸዋል" አለ፤ ደክሞት ነበር፣ ዓይኑ ግን ይስቅ ነበር። እጁን ይዤ ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ከሆስፒታሉ መጋረጃ ወዲያ ሁለት ነርሶች ሲያወሩ ሰማሁ።

"ሰውየው ሲያወራ አፉን በፎጣ የሚሸፍነው ለምንድን ነው?"

"እንጃ። ቤተሰቡ ተጸይፎት ይሆናል። የዛሬ ልጅ ምን ይታወቃል?"

ወጥቼ አይደለም ልላቸው ነበር። ምን ብዬ? ይህን እየጻፍኩ ፊቴ ያቃጥለኛል። እኔ አባቴን አልተጸየፍኩም። እኔ አባቴን እየጠበቅኩት ነው። በረዶው ሠርቷል፣ ከዳነ ደግሞ ምን እንደነበር ማወቁ ምን ይጠቅመዋል? ከዳነ ሁሉም ነገር እንዲሁ ያልፋል፣ መጋረጃውም ይወርዳል።

ሐሙስ

ትኩሳት። ይጠበቃል ብለውኛል። ቀኝ ትከሻውን ያመዋል፤ የታመመው ጉበት፣ የሚጮኸው ትከሻ። ክኒኑን ግን በትኩሳቱም አላቋረጠም። "አንድ ቀን ከዘለልሽ ይለምደዋል" ይለኛል።

እሁድ

ተነስቶ ተቀመጠ። መልኩ ተመለሰ። ወንድሜ ደውሎ "አላልኩሽም?" አለኝ። ብሎኛል፣ እውነቱን ነው።

ሚጣና አባባ አዲስ ጨዋታ አገኙ። እሷ ከመጋረጃው ወዲህ ክዳኗን ይዛ ወለል ላይ ትቀመጣለች፣ እሱ ከወዲያ ፌርማታ ይጠራል። "ገበያው ጋ ወራጅ አለ" ይላል ድምፁ። እሷ ታቆማለች። የሚወርድ ሰው ግን አታይም። ትንሽ ቆይታ "አባባ፣ ክኒንህ ስንት ቀረው?" ትለዋለች። "ትንሽ" ይላታል።

ዛሬ ልትስመኝ መጥታ መጀመሪያ አፏን በእጇ ሸፈነች። ማን አስተማረሽ አልኳት። ወደ መጋረጃው ጠቆመች።

ነገ እነግረዋለሁ። ገና የክትትል ምስል ስለሚነሳ ግን እሱ ይለፍ።

ሰኞ፣ ከብዙ ሳምንት በኋላ

የክትትሉ ምስል።

ሐኪሟም ቀጭኑም ነበሩ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲጠብቁን ሳይ አወቅኩ። ለአባባ መጀመሪያ ደጉን ነገሩት፤ በበረዶ የተያዙት ሁለቱም ሞተዋል። ቀጭኑ ሊቀጥል ሲል አባባ ተነስቶ አቀፈው፣ ማቀፍ እንኳ አይደለም፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በትከሻው ነካው። "የቀረውን ለልጄ ንገሯት፤ እኔ የምፈልገውን ሰምቻለሁ" ብሎ ወጣ።

የቀረውን ነገሩኝ። ሌላ ቦታ ወጥቷል። ሁለት ሦስት አይደለም፣ እንደ ተበተነ እህል ነው። በደም ሥሩም ገብቷል። ለዚህ በረዶ አይሆንም፣ ሰውነቱም ሌላ ኃይለኛ መድኃኒት አይችልም። ሕመሙን ማስታገስ ብቻ።

"ስንት ጊዜ?" አልኩ።

ሐኪሟ በቁጥር መናገር አትወድም። "የሚወዳቸው ሰዎች አጠገቡ ይሁኑ። ወራትን አታስቢ፣ ሳምንትን አስቢ" አለች።

ወጣሁ። አባባ አግዳሚ ወንበር ላይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በኮሪደሩ ለሚሮጥ የማያውቀው ሕፃን ይስቅለታል። ሕፃኑ ሲጠጋው ግን እግሩን ሰበሰበ።

አውቶብስ ውስጥ ሐሳቡን ነገረኝ። ክኒኑ ከተጀመረ ሰንብቷል፣ ግማሹ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። ሲጨርስ መጋረጃውን ራሱ ያወርደዋል፤ ሚጣን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለ ፌርማታ ይነዳል። "አንቺንም በነፃ እንወስድሻለን" አለኝ። በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ሱቆቹን አንድ በአንድ አየኋቸው።

ክኒኑ አያልቅም። ያ ክኒን ሳያልቅ እሱ ያልቃል። እና ከሚጣ ጋር የሚነዳበትን ቀን ሁሉ ያስቀመጠው ከመጨረሻው ክኒን በኋላ ነው።

ሰኞ፣ ማታ

ለወንድሜ ደወልኩ። አለቀሰ። ከዚያ፣ "አሁንማ ጭራሽ እንዳትነግሪው። በሰላም ይሂድ" አለ።

"በሰላም አይደለም ያለው። ከመጋረጃ ኋላ ነው ያለው።"

"ቀስ ብለሽ አይተላለፍም በይው፣ ሌላውን ተይው።"

"ለምን አይተላለፍም ቢለኝስ?"

ነገ እደውልልሻለሁ ብሎ ዘጋው። ምክር ሳይሰጠኝ ሲዘጋ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ይህን ሁሉ ሳምንት ስለ አባባ ነው እያልኩ ጽፌያለሁ። መለስ ብዬ አነበብኩት። ስለ አባባ የሚል ብዙ ቦታ አለ። ፊቱን ማየት ፈርቼ ነው የሚል አንድም ቦታ የለም።

ማክሰኞ

አልነገርኩትም። ትልቅ የሥራ ትእዛዝ ነበረ።

ረቡዕ

ጧት ብርጭቆውን ይዞ ቆመ። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል፤ እሱ ገና አላየውም፣ ወይም ክኒኑ ነው ብሎ አስቧል። እጁን ዘረጋ።

"ዛሬ ክኒን የለም አባባ።"

"አለቀ እንዴ? ሳይቋረጥ ሂጂና ግዢ።"

"ክኒኑ ቫይታሚን ነው።"

ያልገባው መሰለኝ። ተቀምጦ አየኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፣ ከመጋረጃው ውስጥ ገብቼ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ፤ ሐኪሟ ነቀርሳ ስትል ካንሰር ማለቷ እንደነበር፣ በረዶው የያዘውን መግደሉን፣ ሌላ መውጣቱን። ሳምንት የሚለውንም ነገርኩት።

ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

"ካንሰርም ነቀርሳ ይባላል?"

"ይባላል።"

"ለሁለት ጠላት አንድ ስም።" ራሱን ነቀነቀ። እኔ ስለ ሞቱ የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን፣ "ታዲያ ይሄኛው ይተላለፋል?" አለኝ።

"አይተላለፍም።"

"አሁን ነው የማይተላለፈው፣ ወይስ ከመጀመሪያውም?"

"ከመጀመሪያውም።"

መጋረጃውን አየ። ከላይ እስከ ታች አየው፣ ስፌቱን፣ እጥፉን፣ ከሥር የከተትኩትን ሰንሰለት።

"አንቺ ይህን ስትሰፊ ታውቂ ነበር?"

"አዎ አባባ።"

"እጅሽን ይባርከው ስልሽ?"

ጮኾብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በዕድሜው ሙሉ ተሳፋሪ ላይ ሲጮህ የኖረ ሰው ነው፤ ለእኔ ጩኸት አልነበረውም። ተነሳ፤ ጎኑን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው መጋረጃውን ጎተተው። አልወረደም። በደንብ ነው የሰቀልኩት። ላግዘው ስል በክርኑ ገፋኝ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጎትተው ዘንጉ ከነምስማሩ ወረደ።

ሚጣ ድምፁን ሰምታ መጣች። እግሯን ከሳሎኑ ደጃፍ አላሳለፈችም። አፏን በእጇ ሸፍና ቆመች።

"ነይ" አላት።

አልመጣችም። እኔን አየች፣ እሱን አየች። ከእጇ ሥር፣ "ክኒንህን ጨረስክ?" አለችው።

አባባ ጠርሙሱን አየ። ከግማሽ በላይ ሞልቷል። ወደ እኔ ሳያይ በእግሩ ወደ አልጋው ሥር ገፋው።

"ጨረስኩ" አላት።

እጇን ከአፏ አወረደች። ቀስ ብላ መጣች፣ የወደቀውን መጋረጃ ዘላ።

ሐሙስ

ከትናንት ጀምሮ አልጋው ላይ አብራው ናት። በቀኝ በኩል እንዳትደገፈው ነግሯታል፣ አትደገፈውም። ምሳ ያቀረብኩላቸው በአንድ ሳህን ነው፤ አብረው በሉ፣ እሱ ብዙም አልበላም።

ፌርማታ ሲጠራ ከወጥ ቤት እሰማለሁ። ዛሬ ማንንም አላስወረደም።

እኔን ገና አላናገረኝም።